ጫላን የያዝኩበት ቀን

ልጄ ከቅርጫት ኳስ ልምምድ መጥታ ቁርጭምጭሚቷን በካምፎር ስታሽ ሽታው ሰነፈጠኝና አምቦ፣ የድሮው የኮሌጃችን ሜዳ ላይ መልሶ አቆመኝ።

ያን ቀን የጉደርን ቡድን አስቆጣሪ ጫላን እንድይዝ የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ። ጫላ በማንም ላይ ሃያ ነጥብ የሚያገባ ልጅ ነው። በእኔ ላይ ስድስት ብቻ አገባ። በሄደበት ሄድኩ፣ ሲዘል ዘለልኩ፤ አሸነፍን። ጓደኞቼ ተሸክመው እስከ አስፋልቱ አደረሱኝ።

ቤት ስገባ አባቴ ጉልበቴን በካምፎር እያሹ፣ “አይ፣ ጫላ ጨዋ ልጅ ነው” አሉ።

“ከየት ያውቁታል?”

“እሁድ ኦቦ ጉታን ይዤ ጉደር ቤቱ ሄጄ ነበር። ‘ልጄን ሰው ፊት አታዋርድብኝ’ ብለን ለመንነው። ሽማግሌ አክባሪ ነው፤ እሺ አለን።”

ለትዳርና ለዕርቅ የሚላክ ሽማግሌ ለኳስ ተላከብኝ! ጉልበቴን ከእጃቸው ነጠቅኩ።

“ላንተው ብዬ አይደል?” አሉ፤ ቅባቱ ገና ጣታቸው ላይ ነበር።

ከዚያ ሁሉ ኳስ የቱን እኔ እንደከለከልኩት፣ የቱን ጫላ እንደተወልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። አባቴ ሞቱ። ጫላን ደግሞ መንገድ ላይ ባገኘው እንኳ ሰላም ብዬው አልፋለሁ እንጂ ደፍሬ አልጠይቀውም።

“አባዬ፣ ነገ የምይዛት ልጅ እኮ አደገኛ ናት” አለች ልጄ፣ ቅባቱን እየከደነች።

“የማን ልጅ ናት?” አልኳት። የደነገጥኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።