ከእርሻ ልማቱ የተሰጠ በርሜል

በኩልፎ ወንዝ ማዶ የሻሺቱን ቦርዴ ያልጠጣ ጥጥ ለቃሚ አልነበረም። ባሏ ሲሞትባት ልጇን ማሚቱን አዝላ፣ የእናቷን ጋን በአህያ ጭና ከጋሞ ደጋ፣ ከኦቾሎ ወረደች። ከበቆሎና ከማሽላ የምትጠምቀውን ያን ወፍራም መጠጥ እየሸጠች ነው ልጇን ያሳደገችው። ቁጡ ነበረች። የሚያስቸግራትን ጠጪ በማማሰያ ታባርራለች፤ እኔንም አንድ ጊዜ አባርራኛለች፣ የእጄን ነው ያገኘሁት። አንድ ወግ ግን አታጓድልም። ለሰው ከመስጠቷ በፊት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። ያቀረበ ይቀምሳል፤ እንዲህ ነው ያደገችው።

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በአብዮት በዓል ዕለት፣ አጠገባችን ያለው የጥጥ እርሻ ልማት «ለአካባቢው ኅብረተሰብ ያለብንን ኃላፊነት ለመወጣት» ብሎ ለቀበሌያችን ሴቶች በርሜል አደለ። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ በርሜል! ሥራ አስኪያጁ ንግግር አደረገ፣ እኛም አጨበጨብን። ወንዛችንን ለጥጡ ጠልፎ፣ በአውሮፕላን መርዝ ረጭቶ ንባችንን ከፈጀ በኋላ የሰጠን የመጀመሪያ ነገር ነበር። በሬ ሆይ! ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኛ ነው።

ሻሺቱ በርሜሏን በአመድ ፈትጋ ውሃ ሞላችበት። ብዙም ሳይቆይ ማሚቱ ከዚያ ውሃ ጠጣችና አስመለሳት። አፏ አረፋ ደፈቀ፣ እጅና እግሯ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ተሸክመን የእርሻው ክሊኒክ አደረስናት። ድሬሰሩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት «ወባ ነው» አለ። ነፍሷ የተረፈው በእግዜር ቸርነት ነው።

ሻሺቱ ቤቷ ተመልሳ በርሜሉን በድንጋይ ፋቀችው። ከአረንጓዴው ቀለም ሥር የራስ ቅልና ሁለት አጥንት ወጣ። አውሮፕላኑ የሚረጨው መርዝ የመጣበት በርሜል ነበር! ቀለም የቀባው ሰው ምን እየሸፈነ እንደሆነ አላየም? ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

መስቀል ሊደርስ ነው። የጋሞ ሴት ለመስቀል ቦርዴ ሳትጠምቅ አትውልም፤ ዘንድሮ ደግሞ ሁሉም በአዲሱ በርሜል ሊጠነስሱ ተሰናድተዋል። አንድ ቀበሌ ሙሉ ሕዝብ ከዚያ ሊጠጣ ነው። ሻሺቱ ቤት ለቤት እየዞረች ከቀለሙ ሥር ያየችውን ነገረች፣ እንዳይጠነስሱበትም ለመነች። የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበሯ አሰፋሽ ተቆጣቻት።

«ልጅሽን ወባ ይዟት ነው ተብሎ የለ? የተሰጠንን አታሳጪን!»

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶችን አስከትሎ ስጦታውን ሊያስጎበኝ መጣ። በቦርዴዋ ስለምትታወቅ ሻሺቱ ደጅ ነው ያመጣቸው፤ ሴቶቹም ተከትለው መጡ። እሷ ከበርሜሉ ውሃ በቅል ቀዳችና በሁለት እጇ ዘረጋችለት።

«ጓድ፣ ይቅመሱ።»

«መጀመሪያ ለእንግዶቹ ስጪ እንጂ!»

«አይሆንም። በእኛ አገር ያቀረበ ነው የሚቀምሰው። በርሜሉን ያቀረቡት እርስዎ ነዎት።»

ሳቀ። ማንም አልሳቀለትም።

«ጨጓራዬን ያመኛል» አለ።

«ውሃ ነው እኮ። ልጄ ጠጥታዋለች።»

ሥራ አስኪያጁ እጆቹን ወደ ኋላ አጣመረ። አሰፋሽ አየችው፣ ሴቶቹም ሁሉ አዩት። ሻሺቱ ውሃውን ጫማው ሥር ደፋችው።

«ልማት ታደናቅፋለች» ተባለና ቀበሌ ታሰረች። መርዝ ያደለው ሰውዬ በመኪናው ሄደ፣ የተመረዘችው ልጅ እናት ታሰረች፤ ፍርድ ማለት ያኔ ይሄ ነበር! ሴቶቹ በርሜሎቹን እያንከባለሉ ወስደው እርሻው በር ላይ ገተሯቸው። የመስቀሉንም ቦርዴ ጋን እየተዋዋሱ ጠመቁ።

በበዓሉ ቀን አሰፋሽና እኔ ማሚቱን ይዘን ለእስረኛዋ ቦርዴ ወሰድን። አሰፋሽ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች፣ ቅሉን ሞልታ ለማሚቱ ሰጠቻት፣ ለእናቷ እንድታቀብል። ልጅቷ እናቷ ጋ ሳትደርስ እጇ እየተንቀጠቀጠ ግማሹ ፈሰሰ።

ማሚቱ አሁን የልጆች እናት ናት። ያ እጇ እስከ ዛሬ ሙሉ ስኒ አይዝም።