እንደ ሚስማር የሾለች

በእንግሊዝ አገር ያለችው ሃይ ዊኮም የወንበር ሠሪዎች ከተማ ናት። ኦሊቭ ፕላምሪጅ ከልጅነቷ ጀምሮ እዚያ ባለ ወንበር መሥሪያ ቤት ወንበር በጨርቅ ስታለብስ ኖራለች፤ ባሏ ሲድም ከጎኗ ባለው ጠረጴዛ። በዚያ ሙያ ጥቃቅኑን ሚስማር የሚይዘው ኪስ ሳይሆን አፍ ነው። እፍኝ ሙሉ ይቃማል፤ ምላስ እያገላበጠ አንድ በአንድ በራሱ በኩል ወደ ከንፈር ያወጣዋል፤ ማግኔት ያለው መዶሻ ይቀበለዋል።

እንግሊዞች አእምሮው ፈጣን የሆነውን ሰው «እንደ ሚስማር የሾለ ነው» ይላሉ። አባባሉ ከየት እንደመጣ ሊቃውንት ይከራከሩበት፤ የኦሊቭ ባልደረቦች ግን ከእኛ ቤት ነው የወጣው ብለው ድርቅ ይላሉ። የደነዘ ሚስማር በመጀመሪያው ምት ይተኛል፤ የሾለው ገና ሲነካ ይቆማል። ሰውም እንዲሁ ነው ይላሉ።

ይህ በተባለ ቁጥር ዓይን ሁሉ ወደ ኦሊቭ ይዞራል። አፏ ሚስማር ሞልቶ እንኳ መልስ አታጣም ነበር። የሥራ ቤቱ ኃላፊ አንድ ቀን «ኦሊቭ፣ ዛሬስ ዘገየሽ» ቢላት፣ በከንፈሯ ጥግ «አንተ ብቻህን ኋላ እንዳትቀር ብዬ ነው» ብላ ቤቱን አሳቀችበት።

ከዚያ መርሳት መጣ። ሲድ ቀድሞ አወቀ፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላለም። ያጣመመችውን ጨርቅ ፈትቶ እየመለሰ፣ የተወችውን ወንበር እየጨረሰ ይሸፍንላት ጀመር። የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ከጠረጴዛዋ እንዳያነሷት። ያለዚያ ሥራ ምን ይቀራታል?

አንድ ጠዋት ባልደረባቸው ቤሪል እንደ ወትሮዋ ሻይ አዞረች። «መጀመሪያ ትፉ፣ ከዚያ ጠጡ» የሙያው ፊደል ነው፤ የቤቱን ግማሽ ይህን ያስተማረችው ራሷ ኦሊቭ ናት። ኦሊቭ ጉንጯ በሚስማር እንዳበጠ ኩባያዋን አነሣች።

«ኦሊ፣ ትፊው!» ሲድ ዘሎ አገጯን ያዘ።

«ምን ሆነሃል ሰውዬ? ሻዬን አፈሰስክብኝ እኮ።»

ሚስማሮቹ መዳፉ ላይ ወረዱ። የዋጠችው ይኑር አይኑር ግን የሚያውቅ አልነበረም። ቤሪል በሽርጧ አፏን ሸፈነች። ኃላፊው ቀስ ብሎ መጣና መዶሻውን ከኦሊቭ እጅ ወሰደ። ሲድ ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም፤ እሱ ዝም ባይል ኖሮ እዚህ ባልደረሱ ነበር።

ሐኪሙ አንድም አልዋጠችም አለ። ቀን ቀንን ሲወልድ ኦሊቭ የባሏን ስም እንኳ ረሳች፤ የዚያን ጠዋት ድንጋጤ ግን አልረሳችም። ዛሬ በመስኮቱ አጠገብ ስትቀመጥ ምላሷ ባዶ አፏ ውስጥ ይዞራል። ሲድ ሻይ ሲያመጣላት ከንፈሯን ትገጥማለች።

«አልጠጣም። አፌ ሙሉ ነው።»

እሱም መዳፉን አገጯ ሥር ይዘረጋል። «ትፊው፣ ኦሊ።»

እትፍ ትላለች። ባዶ መዳፉን ጨበጥ ያደርጋል።

«ሁሉም ወጣ?»

«ወጣ።»

«አንድም አልቀረም?»

«አንድም አልቀረም፣ የኔ ዓለም» ይላትና ኩባያውን ያስይዛታል።