የቱላው ሳቅ

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ በሰባዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ እዚሁ አዋሳ ነው። ብዙ ዘመን አልፎታል። ሆኖም ዛሬም ድረስ ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ሲስቅ ከሰማሁ ደንገጥ እላለሁ። ባለቤቴ ምክንያቱን ታውቃለች፤ ልጆቼ አያውቁም። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ለእነሱ ሳልናገረው መሞት ስላልፈለግኩ ነው የጻፍኩት።

አባቴ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ አንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ተቀጠርኩ። የምኖርለት ነገር ግን ሌላ ነበር። ተረት እጽፍ ነበር። ጽፌም አልተወውም፤ በቃሌ አጥንቼ ሰው ፊት ቆሜ እተርከዋለሁ። ወረቀት አልይዝም። ጅቡን በጅብ ድምፅ፣ አሮጊቷን በአሮጊት ድምፅ እያደረግኩ ነበር የምተርከው።

የጀመርኩት በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ውስጥ ነው፤ ተወዛዋዦቹ ልብስ እስኪቀይሩ ድረስ መሙያ ሆኜ። በኋላ ሕዝቡ "ተራኪው ይምጣ!" እያለ ያጨበጭብ ጀመር። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ያ ጭብጨባ ልቤን እንዳሳበጠው አልደብቅም።

ከሁሉ የተወደደልኝ የበጎችና የጅብ ተረት ነበር። በጎች እርስ በርስ ይጣሉና ጅብን ዳኛ አድርገው ይሰይማሉ። ጅቡ ፍርዱን ሳይናገር ዝም ብሎ ያያቸዋል። አንዱ በግ ቸኩሎ "ዳኛው፣ በል እንጂ!" ይለዋል። ጅቡ "ብላ እንጂ" የተባለ መስሎት በጉን ላፍ ያደርገዋል። አዋሳ አዳራሽ ውስጥ እዚህ ቦታ ስደርስ ሰው ሆዱን ይዞ ነበር የሚስቀው።

አንድ ቀን ቡድናችንን የሚከታተለው ካድሬ ጠራኝ። ከከተማ ወጣ ብሎ ቱላ ላይ የመሠረተ ትምህርት ያጠናቀቁ ገበሬዎች ምርቃት ስላለ ተረቱን እዚያ እንዳቀርብ ነገረኝ። መጨረሻው ግን አልጣመውም።

"በጎቹ ተበልተው ብቻ ያልቃሉ እንዴ? ይደራጁ እንጂ!" አለኝ።

አብረን ተቀምጠን አዲስ መጨረሻ ጨመርንበት። የተረፉት በጎች ማኅበር ያቋቁማሉ። ሊቀመንበራቸው ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ ያነሳና "ጭቁኖች ያሸንፋሉ!" ይላል። ጅቡ ይባረራል። እኔም አልከፋኝም። እንዲያውም ጽሑፌን ትልቅ ሰው አንብቦ አስተያየት ሰጠበት ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ችግሩ ቋንቋው ነበር። የቱላ ገበሬ የሚናገረው ሲዳምኛ ነው። እኔ የምችለው ከአባቴ ሱቅ የለቃቀምኩትን፣ ለጨርቅ መሸጫ የሚሆን ብቻ ነው። አስተርጓሚ ሲፈለግ ጋሽ ሀመሶ ተገኙ።

ጋሽ ሀመሶ የእኛው መሥሪያ ቤት ተላላኪ ነበሩ። ሃምሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ሙቀትም ሆነ ብርድ የኮታቸውን ቁልፍ የማይፈቱ ሰው። ጴንጤ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያናቸው ከመታሸጉ በፊት ከሌላ ቦታ ለሚመጡ ሰባኪዎች እሁድ እሁድ ሲያስተረጉሙ ኖረዋል። ሰባኪው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ እሳቸውም ዝቅ ያደርጋሉ፤ እጁን ሲዘረጋ ይዘረጋሉ፤ ካለቀሰም ያለቅሳሉ።

"ቃሉን ብቻ ከሰጠኋቸው ግማሹን ሰረቅኳቸው ማለት ነው" አሉኝ ስንለማመድ።

ሁለት ቀን በምሳ ሰዓት ቢሮ ውስጥ ተለማመድን። "በል" እና "ብላ" ላይ ስንደርስ ቆም አሉ።

"ይሄ በእኛ ቋንቋ አይመጣም፣ ልጄ።"

"ታዲያ ምን ይሻላል፣ ጋሽ ሀመሶ? ሰው ሁሉ የሚስቀው እኮ እዚህ ጋ ነው።"

"ግድ የለም፣ እኔ አለሁ" አሉኝ። እኔም ሌላ ነገር አልጠየቅኳቸውም።

ቅዳሜ ጠዋት በላንድሮቨር ሄድን። ከገበሬ ማኅበሩ ቤት ፊት ለፊት ያለው ሜዳ ሞልቷል። ሰዉ ሣር ላይ ተቀምጧል። ካድሬውና ሌሎች እንግዶች ዳስ ሥር ጠረጴዛ ይዘዋል። ንግግሩ ረዘመ፣ ፀሐዩ ከረረ፤ እኔ ስጠራ ሰዉ ደክሞት ነበር።

ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ዓረፍተ ነገሮች ተናግሬ ለጋሽ ሀመሶ ለቀቅኩላቸው። እሳቸው ግን ረዘም አድርገው ተናገሩ። በመሃል ወደ እኔ ጠቆሙ፣ ፈገግ አሉ። ሰዉም እኔን እያየ ራሱን ነቀነቀ። ፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት የታመመ ልጅ እንደሚያይ ሰው በሐዘኔታ ተመለከቱኝ። እኔ እያስተዋወቁኝ ነው ብዬ አሰብኩ።

የጅቡ ቦታ ደረሰ። "ዳኛው፣ በል እንጂ!" አልኩና ዘልዬ በጉን ላፍ አደረግኩ። ጋሽ ሀመሶም ዘለሉ፣ በሲዳምኛ ተናገሩ፣ ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። ሜዳው በሙሉ ሳቀ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። ተረቴ ቋንቋ ተሻገረ ብዬ ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ። ከዚያ በኋላም ሁለት ሦስት ቦታ ላይ እጃቸውን አነሱ፣ ሰዉ ሳቀ። እጃቸውን ለምን እንደሚያነሱ ራሴን እንኳ አልጠየቅኩም።

መጨረሻው ላይ ደረስኩ። በጎቹ ተደራጁ። ድምፄን ጎርነን አድርጌ፣ ግራ እጄን ጨብጬ ወደ ላይ አነሳሁና "ጭቁኖች ያሸንፋሉ!" አልኩ። ጋሽ ሀመሶ እንደ ልማዳቸው እኔ ያደረግኩትን አደረጉ። እጃቸውን ጨብጠው ወደ ላይ አነሱ።

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ ሁሉም። ከቀድሞው ሁሉ የበለጠ ሳቅ ነበር።

የጋሽ ሀመሶ ፊት አመድ መሰለ። እጃቸውን ቶሎ አወረዱ። ዳስ ሥር ካድሬው ብድግ ብሎ ቆሟል። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ሳቁ እስኪበርድ ቆሞ ጠበቀና ተመልሶ ተቀመጠ። ወደ ከተማ ስንመለስ መኪናው ውስጥ ጋሽ ሀመሶ ከኋላ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያዩ ነበር። ስንወርድ ትከሻዬን ነካ አድርገው "ጥሩ ነው ያቀረብከው" አሉኝ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

ሰኞ መናኸሪያ አጠገብ ወዳለ አንድ ጽሕፈት ቤት ተጠራሁ። የአውቶቡስ ጡሩምባ እስከ ውስጥ ድረስ ይሰማል። ካድሬውና አንድ የማላውቀው ሰው ተቀምጠዋል። ጋሽ ሀመሶ ከእሁድ ጀምሮ ታስረው እንደነበር ያወቅኩት እዚያ ነው።

"ሰውየው ምን ብሎ ነው ያሳቃቸው?" አለኝ የማላውቀው ሰው።

"አላውቅም። ቋንቋውን አልችልም።"

"አንተ የጻፍከው መፈክሩ ጋ የሚያስቅ ነገር አለው?"

"የለውም።"

"ከተማ ውስጥ ስትለማመደው እዚያ ቦታ የሳቀ ሰው ነበር?"

"አልነበረም።"

የመለስኩት ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ቃል አልዋሸሁም። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ምላሴ ጫፍ ላይ የደረሰ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረ። "እጄን ሳነሳ ድምፄ ተሰንጥቆብኝ ነው የሳቁብኝ" ልል ነበር። የሚታመን ነገር ነው፤ ተራኪ ድምፁ ይሰነጠቅበታል። ቢበዛ ይሰድቡኛል፣ ከቡድኑ ያባርሩኛል። ምናልባትም ያስሩኝ ይሆናል። ይህንን "ምናልባት" ሳስብ ዋጥኩት።

ካድሬው ጥግ ላይ ያለውን የጽሕፈት መኪና አሳየኝ።

"ታይፒስት አይደለህ? የተናገርከውን ራስህ ጻፈው" አለ።

ሁለት ካርቦን አስገብቼ ቃሌን ራሴ ተየብኩ። ጣቴ አልተሳሳተም። ፈረምኩና ወጣሁ። ደጅ ላይ የሻሸመኔ አውቶቡስ ረዳት ተሳፋሪ ይጠራ ነበር። ፀሐይ ነበር። የተረፍኩ መስሎኝ ደስ አለኝ። ይህንን መጻፍ ከሁሉም ይከብደኛል፤ ግን በዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የጋሽ ሀመሶን ባለቤት፣ እማማ ወርቄን፣ ምግብ በዘንቢል ይዘው ወደ እስር ቤቱ ሲሄዱ አልፎ አልፎ አያቸው ነበር። ከሩቅ ሳያቸው መንገድ እቀይራለሁ። ወራት አለፉ። አንድ ቀን በር ላይ ያለው ጠባቂ "ከእንግዲህ ምግብ አታመላልሺ" ብሎ የባላቸውን ኮት አጣጥፎ ሰጣቸው። የዚያን ዘመን ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም። ለቅሶ መቀመጥም ተከለከሉ። እኛ መሥሪያ ቤት ስማቸውን ጮክ ብሎ የጠራ አልነበረም። ሌላ ተላላኪ ተቀጠረ።

እኔም ከኪነት ቡድኑ ወጣሁ። ጉሮሮዬን ያመኛል አልኩ።

ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ አባቴ ታሞ ሱቁን እኔ በያዝኩበት የገበያ ቀን አንድ ገበሬ አቡጄዲ ሊገዛ ገባ። ቀና ብሎ አየኝ።

"አንተ ያ የበግ ጨዋታ ያመጣህ ልጅ አይደለህም?"

መካድ ፈልጌ ነበር። አንገቴን ነቀነቅኩ።

"ሀመሶ ጥሩ ሰው ነበረ" አለ። አማርኛው የተሰባበረ ቢሆንም ይገባል። "መጀመሪያ ለእኛ ነገረን። 'ይህ ልጅ ብዙ ለፍቷል። ጨዋታው በራሱ ቋንቋ በጣም ያስቃል፣ በእኛ ሲሆን ግን ይጠፋል። ዝም ካላችሁት ያፍራል። እኔ እጄን ሳነሳ ሳቁለት' አለን። እኛ እሺ አልን። ሳቅን።"

የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጥኩ።

"በመጨረሻም እጁን አነሳ" አለ ገበሬው። "እኛ ሳቁ ያለን መሰለን። ኋላ ሰዎች መጥተው ሲጠይቁን 'መፈክሩን ንቀን አይደለም፣ ሀመሶ ሳቁ ስላለን ነው' አልን። እናድነዋለን ብለን ነው። ሀመሶም እኔ ነኝ ያልኳቸው ብሎ አመነ አሉ።"

አቡጄዲውን ለካሁለት፣ ቆረጥኩለት። ምን ያህል እንደቆረጥኩ አላውቅም።

እማማ ወርቄ ዘንድ ለመሄድ ሌላ ዓመት ፈጀብኝ። ቤታቸው ወደ ቱላ መውጫ ነበር። እንደገባሁ አወቁኝ። ወንበር ሰጡኝ። ተዘጋጅቼ የሄድኩትን ሁሉ ረሳሁትና "እማማ፣ ቃል ሰጥቼባቸዋለሁ፤ ወረቀት ፈርሜያለሁ" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉ።

"ማን ነገርዎት?"

"አብሮት የታሰረ ሰው ተፈቶ ነገረኝ። ያንተን ወረቀት አንብበውለታል።"

"ጋሽ ሀመሶ ምን አሉ?" ብዬ ጠየቅኩ።

እማማ ወርቄ የተቆጡ አይመስሉም ነበር። የደከማቸው ነበር የሚመስሉት።

"'ልጁ አልዋሸም' አለ። 'ፈርቶ እንኳ አንድ ቃል አልጨመረብኝም፣ ስትፈታ ይህንን ንገርልኝ' አለው። እኔ ግን አንተን ፈልጌ ለመንገር አልቻልኩም። አልፈለግኩም። ዛሬ መጣህ፣ ነገርኩህ።"

ከዚያ በኋላ እስኪያርፉ ድረስ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። ጣራ ሲያፈስ አስጠግኜላቸዋለሁ፤ ሲታመሙ ሐኪም ቤት ወስጃቸዋለሁ። ያደረግኩትን ዕዳ ተከፈለ ብዬ አልቆጥረውም፤ እሳቸውም እንደዚያ አልቆጠሩትም። አንድ ቀንም "ይቅር ብዬሃለሁ" አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

ታሪኩን የነገርኳቸው ጥቂት ወዳጆቼ "ዘመኑ ነው፤ አንተ ምን ታደርግ?" ይሉኛል። ዘመኑ ክፉ ነበር፤ አልክድም። ግን አንድ ሰው እኔ እንዳላፍር ብሎ ሦስት መቶ ሰው አሳቀ፤ እኔ ለእሱ አንዲት ትንሽ ውሸት መዋሸት አቃተኝ። ጋሽ ሀመሶ በእውነተኛነቴ አመስግነውኝ ነው የሞቱት። ቢረግሙኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።