ቃሉ በወጣበት ደረጃ ላይ

ይመኙሻል ከሥራ ስትመለስ ደረጃው ላይ ቆም ማለት ልማዷ ነበር። ደክሟት አይደለም። ከላይ ፎቅ የምትኖረው የትርንጎ ልጅ ውድነሽ፣ ገና አፏን የፈታች ሕፃን፣ ኮቴዋን ስትሰማ በሩን ከውስጥ እየደበደበች «ይሜ! ይሜ!» ትላለች። ኒው ዌስት በሚሉት የአምስተርዳም ሰፈር፣ በዚያ ሁሉ ፎቅ መሀል፣ በቁልምጫ የሚጠራት እሷ ብቻ ነበረች። የምታጸዳው መሥሪያ ቤትም ቢሆን ሰው ሳይገባበት ጨርሳ ነው የምትወጣው።

በእኛ አቆጣጠር ሰባ ዘጠኝ ላይ፣ በዚያ ክፉ ብርድ፣ ልጅቷ ታመመች። ትኩሳት፣ ትውከት። በዋዜማው ይመኙሻል አቅፋት፣ «ውይ ስታምር! ጉንጯን እዩልኝ!» ብላ ነበር። እትፍ እትፍ ማለቱን ግን ረሳችው። እንዲያው ደስታው አስረስቷት።

ትርንጎ ከሐኪም ስትመለስ ደረጃው ላይ ተገጣጠሙ።

«ልጄን ምን አደረግሻት? ቡዳ! አንቺ ቡዳ! ዓይንሽ ይፍሰስ!»

ለይመኙሻል ስድብ መመለስ ጥንትም አይሆንላትም። «በሕግ አምላክ!» የሚለው ብቻ ወጣላት።

ትርንጎ አንድ እግሯን እንዳነሣች ደርቃ ቀረች። በሕግ አምላክ ተብሎ ማን ይራመዳል? የታች ቤቱ ሆላንዳዊ ሽማግሌ፣ ሜኔር ፎስ፣ በራቸውን ገርበብ አድርገው አዩና መልሰው ዘጉ።

ልጅቷስ ዳነች። በሩ ግን ከዚያ ወዲያ አልተደበደበም።

ይመኙሻል ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ሄዳ ከደጁ ተመለሰች። ዓይንሽ ሰው ይበላል ተባልኩ ብትል ማን ይገባዋል? ኋላ እንደ ምንም ደፍራ ዘሄግ ለሚኖሩት ለአቶ ኃይለመስቀል ደወለች። አገር ቤት የአጥቢያ ዳኛ ነበሩ። በባቡር መጡ፤ ሁለቱን ሴቶች ፊት ለፊት አስቀመጧቸው።

«ስትሰድብሽ ማን ሰማ?»

«ሜኔር ፎስ።»

«እሳቸውማ የሰሙት ጩኸት ነው። ቃሉን የሰማ ማነው? ስም የሚጠፋ ሰው ፊት ነው፣ ልጄ። ሰሚ ከሌለ ምኑን ልፍረድ?»

«እኔ ሰማሁ እኮ፣ ጋሼ» አለች አንገቷን ደፍታ።

አቶ ኃይለመስቀል ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዙረው አዙረው፣ «እንግዲያው ቃል በወጣበት ይመለሳል። ምስክሩም ይቁም» ብለው ፈረዱ።

ሜኔር ፎስ ተጠሩ። ነገሩ ባይገባቸውም ኮታቸውን ቆልፈው፣ በቤት ጫማቸው ደረጃው ሥር ቆሙ። ትርንጎም ያን ዕለት የቆመችበት ላይ ወጣች።

«ያልኩሽ ከአፌ ነው እንጂ ከልቤ አይደለም። የልጅ ነገር ሆኖብኝ ነው፤ ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ለእግዜር።»

ተሳሳሙ። ሜኔር ፎስ የደስታ ቀን መስሏቸው ሁሉንም እየዞሩ ጨበጡ።

«በቃ፣ ስምሽ ነጽቷል» አሉ አቶ ኃይለመስቀል፤ ባቡር እንዳያመልጣቸው ቸኩለው ሄዱ።

በማግስቱ ይመኙሻል ከሥራ ስትገባ ትርንጎ ልጇን አቅፋ ስትወርድ ተገናኙ።

«እንደምን አደርሽ፣ እታለም?» አለቻት ትርንጎ። ድምፅዋ ደግ ነው፤ የምሯን ነው። እጇ ግን፣ ራሷም ሳታውቀው ይሆናል፣ የልጅቷን ፊት በሻርፑ ሸፈን አደረገ። ለብርዱ ነው እንዳይባል ገና ከሕንፃው አልወጡም።

ይመኙሻል አየች። ለዚህ ምን ተብሎ ይከሰሳል? ቃል አይደል፣ በወጣበት አይመለስ።

ከዚያ ወዲህ ኮቴያቸውን ስትሰማ ቀድማ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፤ ልጅቷ እንዳትታፈን ብላ። እናትየው ሻርፑን ተወችው። ሲያልፉ ከጀርባዋ፣ «ይሜ! ይሜ!» የሚል ይሰማታል።

«አቤት፣ የኔ እመቤት» ትላለች ይመኙሻል፣ ግድግዳውን እያየች።