ከወንድሜ ጋር በአንድ ሰንሰለት

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ታላቅ ወንድሜ አእምሮው ከታወከ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። በታኅሣሥ የገብስ ክምራችንን አቃጠለ። እናታችን ሰንሰለት አስመጣች። አንዱ ጫፍ በእሱ ቀኝ እጅ፣ ሌላው በእኔ ግራ እጅ ተቆለፈ። ቁልፉን ከማተቤ ጋር አሰረችልኝ።

«ስማዳ ጠበል ውሰደው። እጁ ሲፈታ ይዘኸው ና። ከነሰንሰለቱ እንዳታመጣብኝ» አለች።

ከጋይንት ሁለት ቀን ሄድን። መንገድ ላይ ያገኘን ሁሉ ወደ ዳኛ የምንሄድ ከሳሽና ተከሳሽ፣ ቁራኛ መስለነው «የመሬት ነው የደም?» ይለናል። እኔ «የመሬት» እላለሁ። መዋሸቱ ይቀል ነበር።

በዚያ ጠበል ዙሪያ ያለ ሰው ልማድ አለው። ታማሚ ሲመጣ እያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ይወስዳል። ያሳድረዋል፣ ያበላዋል፣ ጠዋት ተጠምቆ ሲመለስ ሥራ ይሰጠዋል። ስለ በሽታው አይጠይቅም። እኛን የወሰዱን ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት አሮጊት ናቸው። ደጃፋቸው ላይ ቆመው ሰንሰለቱን አዩና «ከሁለታችሁ በሽተኛው የቱ ነው?» አሉ። ሳይስቁ ነው ያሉት።

በማግስቱ ለወንድሜ የሸክላ ስባሪ፣ ገል ሰጡትና «ከጎረቤት እሳት ጫርልኝ» አሉት።

«እማማ፣ ይህ ሰው ክምር ያቃጠለ ነው» አልሁ።

«እንግዲያ እሳት ያውቃል» አሉኝ።

ተጎትቼ ሄድሁ። ዓይኔን ከእጁ አልነቀልሁም። ፍሙን በገሉ ይዞ ተመለሰ፤ አንዲት አልወደቀችበትም። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እሳት የሚጭረው እሱ ሆነ፣ እኔም ተከታዩ።

የካቲት ላይ ገብስ ለመውቃት አውድማ ተለቀለቀ። «ቁልፉን አምጣ፣ በሬ ይንዳልኝ» አሉኝ አሮጊቷ። እዚያ አገር ሰንሰለት የሚፈታው አውድማ ላይ ነው፤ በሬ ያልሸሸው ሰው ይፈታል። ጠበሉን የሚያጠምቁት ቄስም ይህንኑ ነገሩኝ። እንቢ አልሁ። ክምሩ ሲነድ ያየሁት እኔ ነኝ፣ እነሱ አይደሉም።

«እንግዲያ ሁለታችሁም ንዱ» አሉ አሮጊቷ።

ነዳን። እሱ ከበሬዎቹ እኩል ይራመዳል፣ ቀስ ባለ ድምፅ ያባብላቸዋል። እኔ በውጭ በኩል ስለ ነበርሁ እሮጣለሁ፤ ገለባው ያዳልጠኛል። ቀትር ላይ ወደቅሁ። ተናድጄ ተነሣሁና አንዱን በሬ አፉን በዱላ አልሁት። በሬዎቹ ፈርጥጠው ከአውድማው ወጡ፤ ገብሱ ተበተነ።

ለደቦ ከመጡት አንዱ «እማማ፣ በሽተኛው ታወቀ» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ወንድሜ አልሳቀም። በስሜ ጠራኝ። በስሜ ከጠራኝ ሁለት ዓመቱ ነው። «እኔ እመልሳቸዋለሁ፣ ፍታኝ» አለ።

ፈታሁት። አምኜው አይደለም፤ ደክሞኝ ነበር። ሄዶ በሬዎቹን መልሶ አመጣ፤ ፀሐይ እስክትገባ አበራየ።

መጋቢት ሲገባ እርሻ ደረሰብኝ። «እጅህ ተፈቷል፣ እንሂድ» አልሁት።

«አልሄድም።»

«እናታችን ትጠብቅሃለች።»

«እዚያ እሳት በነካሁ ቁጥር ሁላችሁም ትነሣላችሁ። እዚህ እሳት አምጣ ይሉኛል።»

አሮጊቷ ስንቅ ሰጡኝ። ሰንሰለቱንም ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝና «ይህ የናንተ ነው፣ እንዳትረሳው» አሉ።

እቤት ስደርስ እናቴ ደጅ ተቀምጣ ስንዴ ትለቅማለች። ሰንሰለቱን አየች። ከኋላዬም አየች።

«ሞተ?»

«አልሞተም። እጁ ተፈቷል።»

«ታዲያ የታለ?»

እሱ ያለኝን ነገርኋት። በየቀኑ እሳት እንደሚጭርም ነገርኋት። «በገል ነው የሚጭረው?» አለች።

«በገል ነው።»

መልቀሟን ቀጠለች። ሌላ አልጠየቀችኝም፣ ያን ቀንም ከዚያም ወዲያ።

በነጋታው በሬ ጠመድሁ። እርፉን በግራ እጄ ስይዘው ሰንሰለት የነበረበት እጄ ቀለለኝ። ደስ አላለኝም፤ አልከፋኝምም። እስከ ቀትር አረስሁና በሬዎቹን ፈታሁ።