ፎርማት አታድርጉት

ማክሰኞ ቀን ለወንድሜ ምሳ ይዤለት ሄድኩ። እሱ ዳንግላ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር። እኔ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። አስራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረስኩ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ምሳውን ይዞ መንገድ መሻገር የየቀኑ ነገር ነበር። ያን ቀን የተለየ ነገር አልነበረም። ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። አልነበረም።

ሰርቨሩ ያለው ከሪከርድ ክፍሉ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። የተማሪው ሁሉ ውጤት፣ ከዘጠነኛ እስከ አስራ ሁለተኛ፣ እሱ ላይ ነው ያለው። ስገባ ወንድሜ ተንበርክኮ ጆሮውን ለጥፎበታል።

«ና፣ አዳምጥ» አለኝ።

ጆሮዬን አስጠጋሁ። ጠቅ፣ ጠቅ ይላል።

«ምን ይላል?»

«እንደ ሰዓት ነው፣ ጋሼ።» በስድስት ዓመት ስለሚበልጠኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ነው የምለው።

«ሰዓት! አንተን ፎቶ ኮፒው አደንቁሮሃል። ሃርድ ዲስኩ ነው። ሳምንትም አይቆይ።»

የሪከርድ ክፍሏ ሠራተኛ በበሩ ብቅ አሉ። እናታችንን የሚያህሉ ሴት ናቸው። «ፎርማት አድርገውና እንገላገል» አሉ።

እኛ ጋ ኮምፒውተር ምንም ይሁን ምን መድኃኒቱ ፎርማት ነው። ቫይረስ ገባበት፣ ፎርማት። ተንቀራፈፈ፣ ፎርማት። ውስጡ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ብዙ ሰው የሚያውቀው ከጠፋ በኋላ ነው።

«እትዬ፣ ፎርማት ካደረግሁት የሚጠፋው የእርስዎ ድካም ነው» አላቸው።

«እኔንስ ፎርማት የሚያደርገኝ ባገኘሁ! በተለይ ወገቤን።»

ሳቅን።

የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት አርብ ለፈተና ምዝገባ መላክ ነበረበት። ካልተላከ ልጆቹ አይመዘገቡም። ስለዚህ ወንድሜ ምሳውን ሳይጨርስ ባክአፕ ማድረግ ጀመረ። የሰርቨሩን ኦፕሬቲንግ ሲስተምም፣ ዳታውንም፣ እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጠ። እስከ አስራ አንድ ሰዓት ፈጀበት። ከዚያ ዲስኩን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ቤት ይዞት መጣ። ቅጂው ከዋናው ጋር አንድ ክፍል ማደር የለበትም ይል ነበር፤ እሳት ቢነሳ ሁለቱንም ይበላል። ቤት ውስጥ ቦታው ቁም ሳጥኑ ላይ ያለች የዱቄት ወተት ጣሳ ናት። እዚያ ከተተው።

«ነገ በጠዋት እንጅባራ ሄጄ አዲስ ዲስክ ይዤ እመጣለሁ» አለኝ። «ከሰዓት ዳታውን እዚያ ላይ እንመልሰዋለን። አንተም ትማራለህ።»

«ሥራዬንስ?»

«ያደነቆረህን ማሽን ለአንድ ቀን ተወው እንጂ!»

የመጨረሻ ንግግራችን ይኸው ነው። ጠዋት ሲወጣ ተኝቼ ነበር።

ሚኒባሱ ከእንጅባራ ሲመለስ ጭጋግ ውስጥ ተገለበጠ። አራት ሰዓት ላይ ተደወለልን። አስር ሰዓት ላይ ቀበርነው። ስለ ቀብሩ መጻፍ አልቻልኩም። ሞክሬ ነበር።

ዕቃውን በፌስታል ያመጡልን ከአደጋው የተረፉ አንድ ሰው ናቸው። ስልክ። ቁልፍ፣ ከነፍላሹ። እና ማሸጊያው ያልተከፈተ ዲስክ። አባቴ ዲስኩን አገላብጠው አዩት።

«ለዚች ነው የሄደው?» አሉ።

ከቀብር መልስ ርዕሰ መምህሩ ድንኳኑ ውስጥ አጎቴ አጠገብ ተቀመጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲናገሩ ሰማኋቸው። ሰርቨሩ ከጠዋት ጀምሮ አልነሳም ብሏል። ነገ ባለሙያ መጥቶ ፎርማት ያደርገዋል። ውጤቱ ከወረቀት እንደ አዲስ ይገባል። ያን ሁሉ ተማሪ፣ የአራት ዓመት፣ በአንድ ቀን። እንደማይሆን እሳቸውም ያውቁታል።

ተነሳሁ።

«መምህር፣ ፎርማት አታድርጉት። ባክአፕ አለ። ጠዋት መጥቼ እመልሰዋለሁ።»

«አንተ?» አሉ። «ልጄ፣ ሐዘን ላይ ነህ እኮ።»

አጎቴ ተቆጡ። «ሣልስት ሳይወጣ ሐዘንተኛ ከቤት ሊወጣ? ሰው ምን ይላል? ወንድሙን ቀብሮ ኮምፒውተር ሊነካካ ሄደ ይባል?»

ምን ልበላቸው? ሰርቨር መልሼ አላውቅም። እሱ ሲመልስ አይቻለሁ፣ ሁለት ጊዜ። ግን ከተውኩት ልጆቹ ሳይመዘገቡ ይቀራሉ። ሰውም ወንድሜን «አበላሽቶት ሄደ» ይለዋል። ይህን መስማት አልፈለግሁም።

የእናቴ ድምፅ ከለቅሶው ብዛት ተዘግቶ ነበር። «የሱ ሥራ ነው?» አለችኝ።

«አዎ፣ እማ።»

«እንግዲያ ይሂድ» አለች፣ አጎቴን ሳታይ። ለእኔ ደግሞ «ነጠላህን አዘቅዝቀህ ልበስ» አለችኝ። ሐዘንተኛ መሆኔን ሰው እንዲያውቅ ነው።

ጠዋት ጣሳዋን ልወስድ ገባሁ። ቁም ሳጥኑ የለም። አልጋውም የለም። ጎረቤቶች ለለቀስተኛው ቦታ እንዲሆን ቤቱን ባዶ አድርገውት ነበር፤ ለቅሶ ሲሆን ሁሌም እንዲህ ነው። ዕቃው በየቤቱ ተበትኗል። ማን ምን እንደወሰደ የሚያውቅ የለም።

የመጀመሪያው ቤት አልጋችን አለ። ሁለተኛው ቤት ወንበርና ምንጣፍ። ሦስተኛው ቤት ቁም ሳጥኑን አገኘሁት። ላዩ ባዶ ነው።

«እትዬ፣ ላዩ ላይ ጣሳ አልነበረም? የወተት ጣሳ።»

«ውይ! ስኳር መስሎኝ ለሻይ ልወስዳት ነበር እኮ» አሉ ጎረቤታችን። «ስከፍታት ብረት! ምን ዓይነት ሰው ነው ብረት በጣሳ የሚያስቀምጥ አልኩ። ኋላ የሱ ሥራ መሆኑ ትዝ አለኝና…» አልጨረሱትም። ጓዳ ገብተው ከሽሮው ዕቃ ኋላ አወጡልኝ።

ተቀብያቸው ሮጥኩ። ሐዘንተኛ አይሮጥም። ሮጥኩ።

የሪከርድ ክፍሏ እትዬ በሩን ከፍተው ጠበቁኝ። ጥበቃው ጄኔሬተሩን እንዲያስነሳ ለመንኩት፤ መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ሁሉም ከንቱ ነው። አሮጌውን ዲስክ ፈትቼ አወጣሁ፣ አዲሱን አስገባሁ። ባክአፑን በኬብል ሰካሁ። ሰርቨሩን ማስነሻው ፕሮግራም ባለበት በወንድሜ ፍላሽ አስነሳሁት።

ፕሮግራሙ ጠየቀኝ። ከየትኛው ዲስክ ወደ የትኛው? ስክሪኑ ላይ ሁለት ዲስክ አለ። መጠናቸው እኩል፣ ስማቸው ቁጥር ብቻ። ካገላበጥኩ ባዶው ሙሉው ላይ ይገለበጣል። ያኔ ምንም አይቀርም።

እጄን ከመዳፊቱ ላይ አነሳሁ። ወንድሜ እዚህ ጋ ሲደርስ ምን ነበር የሚያደርገው? ዓይኔን ጨፈንኩ። ኬብል ይነቅል ነበር። አዎ። የባክአፑን ኬብል ነቅሎ ዝርዝሩን እንደገና ያያል። ከዝርዝሩ የጠፋው እሱ ነው።

ነቀልኩ። ሁለተኛው ጠፋ። ሰካሁ። ሁለተኛው ተመለሰ። አላመንኩም። ሦስት ጊዜ ነቅዬ ሰካሁ።

«ምን ሆነሃል?» አሉ እትዬ።

«እያረጋገጥኩ ነው።»

«እሱም እንዲህ ነዝናዛ ነበር» አሉና አፋቸውን ያዙ።

ከሁለተኛው ወደ አንደኛው። ተጫንኩ።

መጀመሪያ ሲስተሙ ተመለሰ። አጥፍቼ ሳበራው ሰርቨሩ ያለ ፍላሹ በራሱ ተነሳ። ቀጥሎ ዳታው። ሁለት ሰዓት ግድም ፈጀ። ከወንበሩ አልተነሳሁም። ሲያልቅ እትዬን የወረቀቱን መዝገብ አምጥተው ከየትም ገጽ እንዲያነቡልኝ ጠየቅኋቸው። እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ ስክሪኑን አያለሁ። አንዲት ልጅ፣ ሒሳብ ሰባ አራት። ልክ ነው። አንድ ልጅ፣ ባዮሎጂ ስልሳ አንድ። ልክ ነው። አስር ተማሪ አየን። አስሩም ልክ ነው።

«ላትም?» አሉ።

«ያትሙ።»

የመጀመሪያው ገጽ ወጣ። ከግርጌው «ያዘጋጀው» ይልና የወንድሜ ስም አለ። ሰርቨሩ የተመለሰው ማክሰኞ ወደነበረበት ነው፤ ማክሰኞ እሱ አለ። እትዬ ወጥተው ርዕሰ መምህሩን ጠሩ። ርዕሰ መምህሩም መጥተው አዩት።

«ስሙ ይቀየር ይሆን?» አሉ በቀስታ። «ፊርማ ያስፈልገዋል። የሱ ፊርማ ደግሞ…»

«ያዘጋጀው እሱ ነው፣ መምህር። ስሙ ይቆይ።»

ገጹን መለሱልኝ። «እንግዲያ ስሙ ሥር ‘የመለሰው’ ብለህ ያንተን በእጅህ ጻፍና ፈርም። እኔ ማኅተም አደርግበታለሁ።»

እስክሪብቶ ሰጡኝ። ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ፊርማዬ ገና የተማሪ ፊርማ ነው፤ ከገጽ ገጽ አይመሳሰልም። አጎቴ ደወሉ። አላነሳሁም። እንደገና ደወሉ። ገጹ እየወጣ፣ እትዬ እያቀበሉኝ፣ እኔ እየፈረምኩ ቀጠልን። የመጨረሻውን ገጽ ፈርሜ ነው የተነሳሁት።