አባዬ ያሳለፋቸው አውቶቡሶች

ዛሬ ወደምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ አንዲት አሠልጣኝ መጥታ «ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ አሁን ላይ ብቻ ሁኑ» አለችን። እኔን እንቅልፍ ወሰደኝ። ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሳነሳና ሳጥብ ውዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሌላ ምን ልሆን?

ወደ ቤት ልሄድ እዚህ እስራኤል፣ አፉላ ከተማ አውቶቡስ ጣቢያ ስደርስ የተቆላ ሱፍ ሸተተኝ።

ልጅ ሳለሁ አባዬን ከፋብሪካ ሲመለስ እዚሁ እጠብቀው ነበር፤ አብረን ቤታችን ወዳለበት ሰፈር፣ ወደ አፉላ ኢሊት እንድንወጣ። እሱ ግን መጀመሪያ አግዳሚው ላይ ይቀመጥና ከወረቀት ከረጢት ሱፍ ያወጣል። የማሽን ዘይት ባጠቆረው ጥፍሩ አንዷን ይፈለፍላል፣ ቀስ ብሎ ያኝካታል፣ ከዚያ ሌላዋን። አውቶቡሳችን መጥቶ ይሄዳል።

«አባዬ፣ አመለጠን እኮ!» እያልኩ እጅጌውን እጎትታለሁ።

አንድ ቀን ዓይኑን ከእጁ ሳያነሳ «ቆይ ልጄ» አለኝ። «እዚያ የአለቃ ነኝ፤ ቤት የእናንተ ነኝ። እዚህ የማንም አይደለሁም።»

እኛን የሰለቸ መስሎኝ እስከ ቤት አኮረፍኩት።

ስልኬ ጮኸ። ልጄ ናት።

«እማ፣ የት ደረስሽ?»

ሱፍ ገዝቼ አግዳሚው ላይ ተቀምጫለሁ። አውቶቡሱ በሩን ከፍቶ ፊቴ ቆሟል።

«አመለጠኝ» አልኳት።